እርጎዬ ለምን ይመርራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዘዞ ነው፤ አንዲት የፎገራ ላም አለችኝ። ረቡዕና ዓርብ ስለምንጾም ወተቱ ይተርፋል። በወይራ ባጠንኩት ቅል ጥሬውን እያጠራቀምኩ አረጋዋለሁ፤ አንዳንዴም ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ያቆየሁትን እጨምርበታለሁ። መጀመሪያ ጥሩ ይጎመዝዛል። ሳምንት ሲጠጋ ግን እንደ ግራዋ ይመርራል። ጎረቤቶቼ ጭሱ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጭሱ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን ይመርርዎት ነበር። ቆይቶ የመጣ ምሬት ከፕሮቲኑ ነው።

ወተቱን የሚያረጋው ባክቴሪያ ኃይሉን ከወተት ስኳር ያገኛል። ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል፤ ጉምዛዜው ያ ነው። ለመባዛት ግን አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጥቃቅን ክፍሎች፣ ያስፈልገዋል፤ ብዙዎቹን ደግሞ ራሱ መሥራት አይችልም። በወተት ውስጥ ተነጥሎ የተዘጋጀው አሚኖ አሲድ ትንሽ ነው፤ ላክቶኮከስ ላክቲስ በሚባለው፣ በደንብ በተጠናው ወተት አርጊ ባክቴሪያ እንደታየው፣ ሊደርስበት ከሚችለው ብዛት ሩቡን ቢያደርሰው ነው። የቀረውን ከኬዚን ማውጣት አለበት። ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬዚን ነው።

ነገሩ እንደ ቅርጫ ነው። በሬው በበር አይገባም፤ ሜዳ ላይ ይበለትና መደቡ ወደየቤቱ ይገባል፤ ማጀት ውስጥ ይከተፋል። ቤታ ኬዚን የሚባለው ብቻ 209 አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ስለሆነ ወደ ባክቴሪያው ውስጥ አያልፍም። ስለዚህ ባክቴሪያው ውጭ፣ ግድግዳው ላይ በተተከለ ኢንዛይም ይቆራርጠዋል። ቁራጮቹን ፔፕታይድ እንላቸዋለን። በሽፋኑ ላይ ያለ አስገቢ ፕሮቲን ተቀብሎ ያስገባቸዋል፤ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች እስከ ነጠላ አሚኖ አሲድ ይከትፏቸዋል።

የእርስዎ ምሬት ያለው ከቁራጮቹ ላይ ነው። ውሃ የማይወዱ አሚኖ አሲዶችና ፕሮሊን የሚባለው አሚኖ አሲድ የበዛባቸው ፔፕታይዶች ምላስ ላይ ይመርራሉ፤ ከቤታ ኬዚን ጫፍ የሚወጡት በተለይ። የውጭው ቆረጣ ከውስጡ ክትፊያ ሲቀድም ይጠራቀማሉ።

ማቀዝቀዣውንም እጠረጥራለሁ። ጥሬ ወተት ሲቆይበት ፕሴዶሞናስ የመሳሰሉ ብርድ የሚችሉ ባክቴሪያዎች ይባዙበታል፤ እነሱም ኬዚንን ይቆርጣሉ። ባክቴሪያዎቹ በማፍላት ቢሞቱም ኢንዛይማቸው እሳቱን ሊቋቋም ይችላል። ስለዚህ ቆይቶ ማፍላት አያድነውም፤ በታለበበት ቀን ያፍሉት። ጥሬ ወተት እንደ ብሩሴሎሲስ ያለ በሽታም ያስተላልፋልና ይህን አደራ እላለሁ። ለብ ሲል፣ ሁለት ሦስት ቀን ከሆነውና ገና ካልመረረው እርጎ አንድ ማንኪያ ይጨምሩበት፤ የፈላ ወተት ያለ እርሾ በደንብ አይረጋም።

አያቴ ከቅዳሜ ገበያ በገዛችው ቅል ስታረጋ አዲስ ወተት በከረመ እርጎ ላይ አትደርብም ነበር። እኔም የምመክርዎ ይህንኑ ነው። የጾሙን ትርፍ ሳምንት አያስጠብቁት፤ በሦስተኛው ቀን ይናጡት። ቅቤው ይቆይልዎታል፤ አሬራውንም በለስላሳ እሳት ሞቅ አድርገው አይብ ያውጡበት።