መልስ፦ የቀለህ መያዣው ላይ ያለው 3 ቁጥር

ከአሮጌ ጥይት መሙያ ማሽን ጋር ባገኙት የቀለህ መያዣ (ቀለሁን ከግርጌ ጠርዙ ይዞ ማሽኑ ላይ የሚያቆመው ትንሽ ብረት) ላይ 3 ቁጥር ብቻ እንዳለ ጽፈው የየትኛው ጥይት እንደሆነ ጠይቀዋል። ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል፤ አምራቾቹ በአንድ ቁጥር ተስማምተው አያውቁም። ለምሳሌ 30-06 ለተባለው የጠመንጃ ጥይት የሚሆነው በአምራቹ በአርሲቢኤስ 3፣ በሊ 2፣ በሆርናዲ ደግሞ 1 ነው። ስለዚህ አስቀድመው ዝገቱን በዘይት ጠርገው የአምራቹን ስም በአጉሊ መነጽር ይፈልጉ። ስሙ ከጠፋ የቀለሁ ጠርዝ የሚገባበትን የመያዣውን ክፍተት በካሊፐር (ስፋት መለኪያ መሣሪያ) ይለኩ። የ30-06 ቀለህ ጠርዝ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መያዣው ከዚያ በጥቂቱ ይሰፋል። 45 ኤሲፒ የተባለው የሽጉጥ ጥይት ጠርዝም ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ የአርሲቢኤስ 3 ቁጥር ሁለቱንም ይይዛል፤ እኔንም መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ይኸው ነበር። ማሽኑ ዘንግ ላይ የሚገባውን የመያዣውን የታችኛውን እግርም ማየት አይርሱ፦ አንዳንድ የድሮ መያዣዎች በዛሬ ማሽን ዘንግ ላይ አይገጥሙም። ሙከራውን በባዶ ቀለህ ብቻ ያድርጉ።