መልስ፦ ስናስብ ደሙን ወደ ጭንቅላት ማን ነው የሚልከው?

ወንድሜ «ሳጠና ወደ ጭንቅላቴ የሚሄደው ደም ይጨምራል ወይ፣ ማነው የሚያዘው» ላልከው፣ ጠቅላላው ብዙም አይጨምርም፣ የሚቀየረው ለየትኛው የአንጎል ሰፈር ይድረስ የሚለው ነው። እኛ ሰፈር ኮዬ ፈጬ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ሞልተን እንጠብቃለን፣ አንጎል ግን ሮቶ የለውም በለው፣ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ እረፍት ላይ እንኳን ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ገደማውን እሱ ነው የሚበላው፣ የሚያስቀምጠው ስኳር ደሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ እያነበብክ የእይታው ክፍል ነርቮች ስራ ሲበዛባቸው ግሉታሜት የሚባል የመልእክት ኬሚካል ይለቃሉ፣ እሱን ተከትሎ ናይትሪክ ኦክሳይድና ሌሎችም ኬሚካሎች ትንንሾቹን የደም ስሮች ያላሏቸዋል፣ አስትሮሳይት የሚባሉት ሴሎች ደሞ አንዱ እጃቸው ነርቩ ጋ እግራቸው ደም ስሩ ላይ ስለሆነ መልእክት ያቀብላሉ፣ በ1 በ2 ሰከንድ ውስጥ ደሙ መጨመር ይጀምራል። የሚገርመው የሚመጣው ኦክስጅን ከሚበላው በላይ ነው፣ ኤፍኤምአርአይ የሚባለው አንጎል ሲሰራ የሚያነሳው ማሽን የሚያየውም ይሄንኑ ትርፍ ነው (ሀሳብ ያነባል የሚሉህን አትስማ)።

ሌላው አዛዥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ትናንት መብራት ጠፍቶ ደጅ ከሰል እፍ እፍ ስል ዞረብኝ፣ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ እኮ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተጠርጎ ይወጣና የአንጎል ደም ስሮች ይጠባሉ፣ ቁጭ ብዬ ረጋ ስል ለቀቀኝ። ቤት ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሎ ራስህን ካዞረህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ውጣ።