ለተረኛው ሐኪም የሚደወል ስልክ

ውድ እህቴ፣

ደሴ ውስጥ የመጨረሻ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ እንደሆንሽ፣ በተግባር ልምምድ ላይ ሳለሽም አንድ ሌሊት የወለደች እናት መድከሟን አይተሽ ለተረኛው ሐኪም ብትደውዪ «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብሎ ስልኩን እንደዘጋብሽ፣ ወዲያውም ሲስተሯ ራሷ ደውላ እንዳስመጣችው ጽፈሽልኛል። «ዓይን አፋር ስለሆንኩ ሙያውን ልተወው ወይ?» ብለሽም ጠይቀሽኛል።

እኔ ችግሩን በዓይን አፋርነትሽ ላይ አላየሁትም። እንደጻፍሽው ከሆነ ለሐኪሙ የነገርሽው «እናትየዋ ደከም ብላለች» የሚለውን ብቻ ነው፤ ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልጊ አልነገርሽውም። ወሎ ያደግን ሰዎች ነገርን ማለዘብ፣ ቀሪውን ሰሚው ራሱ እንዲረዳው መተው ይቀናናል። ታማሚዋን አልጋዋ አጠገብ ቆሞ «አብሽሪ» ማለት ማንም ሊያስጥልሽ የማይገባ ጸጋ ነው፤ ከእንቅልፉ ለተቀሰቀሰ ሐኪም ግን ለዘብ ያለ ወሬ አይበቃውም።

በሕክምናው ዓለም ለዚህ የሚያገለግል የታወቀ ቅደም ተከተል አለ፤ መነሻውም የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው። አሁን የሆነውን፣ የታማሚዋን ታሪክ፣ የአንቺን ግምት፣ በመጨረሻም የምትፈልጊውን በተራ መናገር ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ዶክተር፣ ከማዋለጃ ክፍል ነው። ከወለደች 1 ሰዓት የሆናት እናት ብዙ ደም እየፈሰሳት ነው፤ የደም ግፊቷ 85 በ50፣ የልብ ምቷ 126 ነው። እንደወለደች ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ተወግታለች፤ ማህፀኗ ግን አልኮማተር ብሏል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የደም መፍሰስ ነው ብዬ እሰጋለሁ፤ አሁኑኑ መጥተው ይዩልኝ። እስኪመጡ ምን እንጨምርላት?» የሚሰጥሽን ትእዛዝ ደግመሽ አንብቢለት፤ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በስልክ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ልውቀስሽ፦ ተማሪ ነሽና ከስልኩ በፊት ለሲስተሯ መንገር ነበረብሽ። ስትመረቂ ደግሞ የተጠራው ሐኪም ሳይመጣ ቢቀር ወደ ተረኛዋ ኃላፊ ነርስ፣ ካስፈለገም ወደ ሲኒየሩ ሐኪም ማለፍ ግዴታሽ ነው፤ ይህን እንደ ክስ አትቁጠሪው።

ታማሚዎችን ለቀጣዩ ተረኛ በምታስረክቢበት የርክክብ ጊዜ ከሁሉ የሚያሰጋኝ የሰዓት አጻጻፍ ነው። ቻርት ላይ «2:00» ብለሽ ብቻ ብትጽፊ፣ አንዱ በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱን 2 ሰዓት ሲረዳ ሌላው በፈረንጆቹ ቆጥሮ የሌሊቱን 8 ሰዓት ሊረዳ ይችላል፤ መድኃኒቱ 6 ሰዓት ይዘገያል፣ አለዚያም ያለጊዜው ይደገማል። ስለዚህ ክፍሉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጽፍ በገባሽበት ቀን ጠይቂ። ከከሚሴና ከባቲ አካባቢ የሚመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪ እናቶችን ስታገኚም በልጃቸው አስተርጓሚነት ስለ ማህፀን ሕመም አትጠይቂ፤ ቋንቋውን የምታውቅ የሥራ ባልደረባ ፈልጊ።

በሚቀጥለው ተራሽ የአንዲት ታማሚ ርክክብ አንቺ እንድታቀርቢ ሲስተሯን አስፈቅጂ፤ የምትናገሪውንም አስቀድመሽ በአራት መስመር ጽፈሽ ያዢ።