ጥያቄና መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ማን የማንን በላ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ አዛውንቱና ወጣቱ ተካሰዋል። ወጣቱ «ቤቱንም፣ ሥራውንም፣ ጡረታውንም ጨርሳችሁብናል» ይላል። ትልቁ ደግሞ «ሰነፍ! አልቃሻ!» ይላል። እዚያ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ጠቡ ሳሎናቸው ድረስ ገብቶባቸዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ ስድቡንም ቀንሼ አቅርቤያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጆ ባይደን ቡመር ነው ወይስ አይደለም? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል።

መልስ፦ አይደለም። ቡመር የሚባሉት ከ1946 እስከ 1964 የተወለዱት ናቸው፤ ባይደን የ1942 ልጅ ነው። ክሊንተን፣ ትንሹ ቡሽና ትራምፕ ግን ሦስቱም በዚያው በ1946 ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ተወልደዋል። ከፋዩ ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ልጄ ኮሌጅ ጨርሳ ቤት ተመልሳለች። ሥራ አላት፣ ኪራይ ግን አልቻለችም። እራት ላይ «አንተማ በደህናው ጊዜ ገዝተህ በሩን ዘጋህብን፤ ቡመር!» አለችኝ። እኔ ወደ ሱዳን በእግሬ ተሻግሬ፣ እዚህ ስመጣ ቀን ፓርኪንግ ሌሊት ታክሲ እየሠራሁ ነው ቤቱን የገዛሁት። ፍረደን።

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። በጥቅምት 1981 አሜሪካ ውስጥ የቤት ብድር ወለድ ከ18 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዘመን ቤት የገዛ ሰው «በነፃ አገኘኸው» ሲባል ቢናደድ አይፈረድበትም። ነገር ግን ወለድ ሲወርድ ብድሩን ማደስ ይቻላል። ዋጋን ማደስ አይቻልም። ያኔ የአንድ አዲስ ቤት መካከለኛ ዋጋ 70 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ400 ሺህ በላይ ነው። ደመወዝ በዚያ ልክ አላደገም። የኮሌጁም ነገር እንደዚያው ነው። የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1976 ድረስ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም ነበር። ልጅዎ የቆጠረችው ይህን ነው።

የሳተችው አድራሻውን ነው። በተወለዱበት ዓመት ቡመር ቢሆኑም፣ እርስዎ በረሃ ሲያቋርጡ ኮሌጅ በርካሽ የሚማረው ሌላ ሰው ነበር። ጥቁር አሜሪካውያንም እስከ 1968ቱ ሕግ ድረስ በቆዳቸው ምክንያት «ቤት አንሸጥላችሁም» ሲባሉ በአብዛኛው ከልካይ አልነበረም። ዕድሜን ብቻ ይዞ የሚከስ ሰው ያልበላውንም ከበላው ጋር ነው የሚያስከፍለው። ለልጅዎ ቅድመ ክፍያውን ስንት ዓመት እንዳጠራቀሙት ይንገሯት። እሷም የአንድ ወር ወጪዋን ወረቀት ላይ ታሳይዎት። ብቻ እራት ላይ አይሁን።

ጥያቄ፦ እነዚህ ልጆች በቀን በ7 ዶላር ማኪያቶ እየጠጡ «ቤት መግዛት አቃተን» ይላሉ። ለምን አትነግሯቸውም? (ዳላስ)

መልስ፦ በ2017 አንድ የአውስትራሊያ ባለሀብት ስለ አቮካዶና ዳቦ ይህንኑ ተናግሮ ዓለም ሙሉ ሳቀበት። እስቲ እናስላው። በቀን 7 ዶላር፣ በዓመት 2,555 ዶላር ነው። ለ400 ሺህ ዶላር ቤት 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ 80 ሺህ ዶላር ነው። ማኪያቶውን ዛሬ ቢተዉ ከ31 ዓመት በኋላ ይገዛሉ፤ ያውም ዋጋው እዚያው ቆሞ ከጠበቃቸው። ይጠጡ።

ጥያቄ፦ ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት የ84 ዓመት አሜሪካዊት እንከባከባለሁ። ልጆቻቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። አሁን ባለ አራት መኝታ ቤት ውስጥ አንድ ራሳቸውን ይኖራሉ። የልጅ ልጃቸው እየመጣ «ለአንድ ሰው አራት መኝታ! እኔ በ35 ዓመቴ ከሩምሜት ጋር ነው የምኖረው» እያለ ይጮህባቸዋል። እሳቸው ዝም ይላሉ። እሱ ሲወጣ ያለቅሳሉ። ለምን አይሸጡትም? ስስት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ እንኳ በአንድ መስመር የሚያልቅ አይደለም።

ሴትዮዋ ስስታም ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። የካሊፎርኒያ ሕግ ግን «እንዳይሸጡ» እያለ የሚለምናቸው ይመስላል። በ1978 የካሊፎርኒያ መራጭ ፕሮፖዚሽን 13 የሚባለውን ሕግ በድምፁ አጸደቀ። የቤት ታክስ በቤቱ ግምት 1 በመቶ ላይ ታሰረ። ግምቱም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ተደረገ። ያኔ በቂ ምክንያት ነበረው፤ የቤት ዋጋ ሲተኮስ ጡረተኞች ታክሱን መክፈል እያቃታቸው ነበር። አሁን አስቢው። ሴትዮዋ በ1976 በ50 ሺህ ዶላር ገዝተውት ከሆነ፣ ዛሬ ለታክስ የሚታሰብባቸው ግምት 130 ሺህ ገደማ ነው። በዓመት 1,300 ዶላር ምናምን ይከፍላሉ። አጥር የሚጋሯቸው ወጣት ባልና ሚስት ያንኑ ዓይነት ቤት አምና በ1.5 ሚሊዮን ከገዙት ግን 15 ሺህ ዶላር ይከፍላሉ። መንገዱ አንድ፣ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና አንድ። በ1978 ምን ብለው ድምፅ እንደሰጡ ብትጠይቂያቸው ደስ ይለኝ ነበር። ለወሬ ያህል ነው።

ቢሸጡስ? ብቻውን ለሚኖር ሰው ከቤት ሽያጭ ትርፍ ውስጥ ታክስ የማይነካው 250 ሺህ ዶላሩ ብቻ ነው። ቁጥሩ በ1997 ወጣ፤ ዛሬም እዚያው ነው። በምሳሌያችን ከሄድን፣ በቀረው ትርፍ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ታክስ ሊመጣባቸው ይችላል። እዚያው ቤት ውስጥ እያሉ ቢሞቱ ግን ወራሾቹ በዕለቱ ዋጋ እንደገዙት ይቆጠራል። የሃምሳ ዓመቱ ትርፍ ከታክስ ነፃ ወጣ ማለት ነው። እንግዲህ በአያቱ አለመሸጥ የሚጠቀመው አንዱ ምናልባት ያው የሚጮኸው ልጅ ነው። ሂጂና ንገሪው አላልኩሽም!

ይህ ሁሉ ሒሳብ ነው። ከሒሳቡ በላይ ደግሞ ፍርሃቱ አለ። ሜዲኬር የሚባለው የአዛውንቶች የመንግሥት የጤና መድን የነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ወጪ የሚሸፍን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይሸፍንም። ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ ለማገገሚያ ቢበዛ እስከ 100 ቀን ይረዳል፤ ከ20ኛው ቀን በኋላ ያውም ድርሻ እያስከፈለ። ከዚያ ወዲያ ማጠቡ፣ ማልበሱ፣ ማጉረሱ፣ ማለትም አንቺ በየቀኑ የምትሠሪው ሥራ፣ ከኪስ ነው። የነርሲንግ ሆም የግል ክፍል በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። ለድሃ የቆመው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬድ፣ የሚደርሰው በአብዛኛው ሰውየው ያለውን ጨርሶ ባዶ ሲቀር ነው። ሰውየው ከሞተ በኋላም ስቴቱ ለነርሲንግ ሆም ያወጣውን ከቀረው ንብረት ላይ እንዲጠይቅ የፌዴራሉ ሕግ ከ1993 ጀምሮ ያዛል። እና 84 ዓመት የሞላው ሰው፣ ስንት ዓመት በሰው እጅ እንደሚቆይ ሳያውቅ፣ ያችን ቤት ሙጭጭ ቢል ምን ይገርማል?

ልጁም ቢሆን ያለ ምክንያት አልጮኸም። ሳን ሆዜ ውስጥ አብዛኛው የመኖሪያ መሬት ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብቻ ተብሎ ተከልሎ ነው የኖረው። አፓርትማ ሊሠራ ሲታሰብ የሰፈር ስብሰባ ይጠራል። በሥራ ቀን ማታ እዚያ ተገኝቶ «ጥላ ያጠላብናል፣ ፓርኪንግ ይጠፋል» የሚለው ባለቤቱ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጡረተኛው። ወጣቱ በዚያ ሰዓት ሁለተኛ ሥራው ላይ ነው። እዚህ ላይ ትልልቆቹን ለመከላከል አልሞክርም። ልጁ ግን አያቱ ላይ ከሚጮህ እዚያ ስብሰባ ላይ ሄዶ ቢጮህ ይሻለዋል።

አንቺ መሃላቸው አትግቢ። አንድ ነገር ግን ጠቁሚያቸው። ከ2021 ጀምሮ 55 ዓመት የሞላው የካሊፎርኒያ ባለቤት ቤቱን ሸጦ እዚያው ስቴት ውስጥ ሌላ ሲገዛ የድሮ የታክስ ግምቱን ይዞ መሄድ ይችላል። ብዙ አዛውንት ይህን አያውቁም። ወረቀት ከመነካካታቸው በፊት የአረጋውያን ጉዳይ ጠበቃ ያነጋግሩ። ይህን ለወጉ አይደለም የምለው። «ቶሎ በልጆች ስም አዙሩት» የሚል ምክር ከሰው አፍ ሰምቶ የሚፈርም ሞልቷል። በስጦታ የተዛወረ ቤት ያንን የውርስ የታክስ ጥቅም ያጣል። ለሜዲኬድ ሲያመለክቱም አብዛኛው ስቴት 5 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ማን ለማን ምን እንደሰጠ ያያል። ጠበቃ፣ ጠበቃ፣ ጠበቃ!

ጥያቄ፦ (ከዚያችው እህት) ሴትዮዋ «ለአንቺም ኑዛዜ ላይ ትንሽ ነገር እተውልሻለሁ» ይሉኛል። ልቀበል?

መልስ፦ አመስግነሽ እለፊው። የካሊፎርኒያ ሕግ እየተከፈለው ለሚንከባከብ ሰው የተተወን ውርስ በጥርጣሬ ያየዋል፤ ተጽዕኖ አድርገሽባቸው እንዳይሆን ብሎ ነው የሚነሳው። ዕቅዳቸው የእውነት ከሆነ ገለልተኛ ጠበቃ ለብቻቸው አነጋግሯቸው መፈረም አለበት። ጠበቃውን አንቺ እንዳትፈልጊላቸው። በመኪናም እንዳታደርሻቸው።

ጥያቄ፦ 23 ዓመቴ ነው፣ ሲያትል። በየፔይቼኩ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) ይቆረጥብኛል። ጓደኞቼ «እኛ ስንደርስ ባዶ ነው፤ ለቡመሮች እየገበርን ነው» ይላሉ።

መልስ፦ 6.2 በመቶ ካንተ፣ 6.2 በመቶ ካሠሪህ ይሄዳል። ለራስህ የምትሠራ ከሆነ ሁለቱንም አንተው ነህ። በስምህ የተቆለፈ ሣጥን የለም። በዋናነት የዛሬ ሠራተኛ የዛሬን ጡረተኛ ይጦራል። በ1960 ለአንድ ተጧሪ አምስት ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ሦስት አይሞላም። መጠባበቂያው በ2030ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ያልቃል ተብሎ ይገመታል። ያኔም ቢሆን ከሠራተኛው የሚገባው ገንዘብ ከክፍያው ሦስት አራተኛ በላይ ይሸፍናል። ጉድለቱ ያሳስባል። «ባዶ» ግን የጓደኞችህ ወሬ ነው።

አሁን የሚገርመውን ልንገርህ። በ1983 ፈንዱ ሊደርቅ ሲል ኮንግረስ ሕግ አወጣ፤ ሬገን ፈረሙ። ሙሉ ጡረታ የሚወጣበት ዕድሜ ከ65 ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ በ1960ና ከዚያ በኋላ ለተወለዱት 67 ሆነ። በ1960 የተወለደ ሰው ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር? 23። ልክ እንዳንተ ገና ሥራ የጀመረ ልጅ። ዛሬ ቡመር እያልክ የምትሰድበው እሱን ነው። ያኔም ዕዳው የተጫነው ገና ያልነቃው ላይ ነበር።

ሌላም መፍትሔ ሲነሳ ይኖራል። ይህ ታክስ የሚቆረጠው እስከ አንድ የደመወዝ ጣሪያ ድረስ ብቻ ነው፤ በ2025 ጣሪያው 176,100 ዶላር ነበር። በዓመት ሚሊዮን የሚያገኘው ገና መጋቢት ሳያልቅ ከፍሎ ጨርሷል። ጣሪያው ይነሳ የሚሉ አሉ፤ ይቆይ የሚሉም አሉ። የሚወስነው የተመረጠው ነው። አዛውንቶቹ ምርጫ ቀን በጠዋት ይሰለፋሉ። አንተስ?

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው። ለሥራ ኢንተርቪው ሄጄ ጠያቂው ልጅ እየሳቀ «ኦኬ ቡመር» አለኝ። ሥራውንም አላገኘሁም። ሕግ የለም?

መልስ፦ አለ። ከ1967 ጀምሮ 40 ዓመት የሞላውን ሠራተኛ በዕድሜው ማግለል ክልክል ነው። በጥር 2020 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሮበርትስ ራሳቸው በአንድ የዕድሜ አድልዎ ክርክር ላይ «ኦኬ ቡመር» የሚለውን እንደ ምሳሌ አንስተው ጠይቀዋል። አንድ ቃል ብቻውን ጉዳይ አይሆን ይሆናል። ቀኑን፣ የተባለውን፣ ማን እንደነበረ ጻፈው። ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ 180 ቀን ነው፤ በብዙ ስቴት 300። ጠበቃ ካለህ ጠይቀው። በ52 ዓመትህ ቡመር እንኳ አይደለህም።

ጥያቄ፦ አሜሪካኖች ለምን ሽማግሌ አያከብሩም? እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ነገር የለም። (አዲስ አበባ)

መልስ፦ የለም? የንጉሡን ዘመን ተማሪዎች «አገሪቱን ያበላሻት ያ ትውልድ ነው» እያልን ስንከስ ሰምተህ አታውቅም? በ1964 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ «ከ30 ዓመት በላይ የሆነን ሰው አትመኑ» ተባለ። ያን ያሉት ልጆች ዛሬ 80 አልፏቸዋል። በ1969 ደግሞ ወጣቱ ለቬትናም ጦርነት በልደት ቀኑ ዕጣ ሲወጣበት፣ 21 ካልሞላው ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር በአብዛኛው ስቴት። በ1971 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ 18 ሆነ። ከዚያ ጋር ሲተያይ የዛሬው ጠብ ቀላል ነው። ደግሞ በቴሌቪዥን የሚሰዳደቡትን አይተህ ሁሉም እንዲያ ነው አትበል። በ2021 ከመቶ አሜሪካዊ 18ቱ ከአንድ በላይ የአዋቂ ትውልድ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ነበር።

ጥያቄ፦ ለአሜሪካ ፖለቲከኞች የዕድሜ ጣሪያ የለም እንዴ?

መልስ፦ መነሻ እንጂ ጣሪያ የለም፤ ለምክር ቤት 25፣ ለሴኔት 30፣ ለፕሬዚዳንት 35። ሰሜን ዳኮታ በ2024 በሕዝብ ድምፅ ለራሷ የኮንግረስ ተወካዮች ጣሪያ አውጥታለች፤ የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ 81 የሚሞላው ሰው እንዳይወዳደር። ሕጉ ፍርድ ቤት ይጽና አይጽና ሌላ ጉዳይ ነው።