የአጥንት ስም አልያዝ ላላት ተማሪ

ጥያቄ፦ ፕሮፌሰር፣ እንደምን አሉ? የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የአካልን አሠራር የሚያጠናው ፊዚዮሎጂ ደስ ይለኛል፤ የአካል ክፍሎችን ከነስማቸው የሚዘረዝረው አናቶሚ ግን አልሆነልኝም። ማታ የሸመደድኩት ስም ጠዋት ብን ብሎ ይጠፋል። ምን ይሻለኛል? እርስዎስ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ትምህርት ሲያስተምሩ አልሰለቸዎትም?

መልስ፦ ልጄ፣ ፊዚዮሎጂ ደስ ካለሽ መድኃኒቱ እጅሽ ላይ ነው።

ማስተማር ስጀምር ተማሪዎቼን የአዋቂ ሰው 206 አጥንቶችን በቃል አስወጣ ነበር። አንድ ቀን ፈተናውን ያለ ስህተት የሠራ ተማሪ የልብ ሞዴል አስያዝኩትና፣ «የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ለምን ወፈረ?» አልኩት። ዝም አለ። ደነገጥኩ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ያላስተማርኩት እኔ ነኝ።

ቀኙ ደም የሚገፋው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው። የሳንባ ደም ስሮችም ብዙ አይታገሉትም። ግፊቱ በደም ግፊት መለኪያ ወደ 25 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ቢደርስ ይበቃዋል። ግራው ግን ከራስ እስከ እግር ጥፍር ማድረስ አለበት፤ ወደ 120 ይደርሳል። ጡንቻው የወፈረው ለዚህ ነው። ይህ የገባው ሰው ሁለቱን አያምታታም።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን አስቀድሜ ስሙን አስከትላለሁ። እርግጥ ሁሉም ስም እንዲህ አይያዝም። 8ቱን የእጅ አንጓ አጥንቶች እየዳሰስሽ፣ ደጋግመሽ እየሣልሽ ነው የምትለምጃቸው።

እስቲ ይህን ሞክሪ። ከክርንሽ በላይ መሐረብ ላላ አድርገሽ እሰሪ። ክንድሽ ላይ ጎልቶ የወጣውን ደም ስር በአንድ ጣት ተጫኝ። በሌላው ጣት ከዚያ ጀምረሽ ወደ ላይ ጥረጊው። ባዶ ይሆናል። ከላይ ያለው ደም ተመልሶ አይወርድም፤ ደም ስሩ ውስጥ ያለው ቫልቭ፣ ደምን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው መዝጊያ፣ ይዘጋበታል። የታችኛውን ጣት ስታነሺ ወዲያው ይሞላል። ከዚያ መሐረቡን ፍቺው፤ እንዳታቆዪው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1628 እ.ኤ.አ. ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዞር ሲያስረዳ ይህንኑ አሳይቷል። ስሌትም ነበረው። ልብ በግማሽ ሰዓት የሚገፋው ደም በሰውነት ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጣል። ታዲያ ያው ደም ዞሮ ካልመጣ ከየት ይመጣል?

መሰልቸቱን ጠየቅሽኝ አይደል? ይህን ሙከራ በየዓመቱ አሠራለሁ። ደም ስሩ ከታች ሲሞላ «ውይ!» ብሎ ክንዱን ለጎረቤቱ የሚያሳይ ተማሪ አይጠፋም። የዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ቀድሜ የምገኘው እኔ ነኝ።