በፓንክ አዳራሽ ያደግሁ ሰው ለጠየቁት እናት የምሰጠው መልስ

እኅቴ፣ የ15 ዓመት ልጅዎ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወደሚካሄድ የፓንክና የሃርድኮር (ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ) ዝግጅት ልሂድ እንዳለችዎት ጽፈው፣ እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ሰው እውነቱን እንዲነግርዎት ጠይቀዋል። እኔ ያደግሁት ዋሽንግተን ዲሲ፣ ማውንት ፕሌዘንት ሰፈር ነው። ከ14 ዓመቴ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃን እስክጨርስ ብዙ የቅዳሜ ምሽቶችን ያሳለፍኩት 16ኛውና ኒውተን መንገዶች በሚገናኙበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽና በመሰሎቹ ውስጥ ስለሆነ፣ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ልንገርዎት።

አስቀድመው የሚያጣሩት መጠጥ ይሸጥ እንደሆነ ይሁን እንጂ የሙዚቃው ጩኸት አያስጨንቅዎት። አብዛኞቹ የሙዚቃ ቤቶች የሚተዳደሩት ከመጠጥ ሽያጭ በሚያገኙት ገቢ በመሆኑ ወጣቶችን በር ላይ ይመልሳሉ፤ በዚህም ምክንያት ከበሮና ጊታር የሚጫወቱት ልጆች ራሳቸው የእኩዮቻቸውን ሙዚቃ ገብተው መስማት የማይችሉበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ቲን አይድልስ የተባለ የዲሲ ልጆች ባንድ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ ሲጫወት፣ የክለቡ ሰዎች መጠጥ እንዳይሸጥላቸው በእጃቸው ጀርባ ላይ ትልቅ የኤክስ (X) ምልክት በጥቁር ቀለም አደረጉባቸው። ልጆቹ ሲመለሱ ይህንኑ ዘዴ ያኔ ኤፍ መንገድ ላይ ለነበረው፣ ዛሬ ግን የእኛ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት 9ኛው መንገድ አጠገብ ለሚገኘው ናይን ሰርቲ ክለብ፣ ወጣቶችም ሳይጠጡ ገብተው እንዲሰሙ ብለው አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወጣቶች ምልክቱን አልጠጣም፣ አላጨስም፣ ዕፅ አልነካም ለማለት በገዛ ፈቃዳቸው ያደርጉታል፤ ስለዚህ ልጅዎ እጇ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ይዛ ብትመለስ አይደንግጡ።

መጠጥ የማይሸጥበት አዳራሽ ደመወዝተኛ ሠራተኛ ሊኖረው ስለማይችል ሥራው በልጆቹ ላይ ይወድቃል። እኔን የቀረጸኝ ከሙዚቃው ይልቅ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መግቢያ ገንዘብ የሚቀበሉ፣ ድምፅ ማጉያ የሚሸከሙ፣ በራሪ ወረቀት የሚለጥፉና በመጨረሻ ወለል የሚጠርጉ ሁሉ ከ20 ዓመት ብዙም ያልራቁ ነበሩ። ፉጋዚ የተባለው የከተማችን ባንድ ታዋቂ ከሆነም በኋላ መግቢያውን 5 ዶላር አካባቢ ለማቆየት ይጥር ነበር፤ በመድረኩ ፊት ሌላውን የሚጎዳ ሰው ሲያዩም ዘፈኑን አቋርጠው፣ 5 ዶላሩን መልሰውለት ያሰናብቱት ነበር። እየተጋፉ መዝለሉ ለማያውቀው ጠብ ይመስላል፤ ሆኖም ሰው ሲወድቅ በዙሪያው ያሉት ወዲያው እንዲያነሡት እኛም ከትልልቆቹ ተምረን ለታናናሾቻችን አስተምረናል።

እናቴ መጀመሪያ «በእግዚአብሔር ቤት ምን ዓይነት ጩኸት ነው?» ብላ ከልክላኝ ነበር። አንድ ምሽት ሳመሽ ግን ነጠላዋን እንዳደረገች ራሷ መጣች። በር ላይ የነበረችው ልጅ ለወላጅ ክፍያ የለም ብላ ወንበር ሰጠቻት፤ እናቴም ዝግጅቱ እስኪያልቅ ከኋላ ተቀምጣ ሁሉን ተመለከተች። ወደ ቤት ስንመለስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽንት ቤቱን ማን ያጥበዋል? ተራ እንዳለንና በሚቀጥለው ጊዜ ተራው የእኔ እንደሆነ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል እንዳላልፍ ብቻ አዘዘችኝ።

ይህ የነጮች ጫጫታ ነው የሚልዎት ዘመድ ካለም፣ ለዲሲ ሃርድኮር መሠረት ከጣሉት አንዱ ባድ ብሬይንስ የጥቁሮች ባንድ መሆኑን ይንገሩት። አባላቱ የራስ ተፈሪያንን እምነት የተቀበሉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ካሴታቸው ሽፋን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነው። ያንን ሽፋን በአንድ ጓደኛዬ ቤት ሳይ፣ ትምህርት ቤት የምደብቀው አገሬ እነርሱ ዘንድ ክብር እንዳለው ተረዳሁ፤ በዚያ ዕድሜዬ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጉዳት የለውም ብዬ ግን አላታልልዎትም። የጆሮ መድፈኛ ባለማድረጌ ዛሬም ሌሊት ሌሊት ግራ ጆሮዬ ይጮኻል። በሌላ ሰፈር በነበረ አንድ አዳራሽ ደግሞ ትንንሽ ልጆችን በክርን እየመቱ የሚደሰቱ ጎረምሶች ነበሩ፤ አዘጋጆቹ እያዩ ዝም ስላሉ ጓደኛዬ ጥርሱ ተሰበረ፣ እኔም ወደዚያ ተመልሼ አልሄድኩም። ሁለቱን አዳራሾች የለያቸው ሙዚቃው ሳይሆን በሩን የያዘው ሰው ነበር።

ስለዚህ ይፍቀዱላት፤ መጀመሪያውን ምሽት ግን አብረዋት ይሂዱ። በር ላይ ያለውን ሰው፣ አንዱ ሌላውን ቢመታ ምን እንደሚያደርጉ በግልጽ ይጠይቁት፤ የሚያፍር ወይም የሚስቅ ከሆነ ልጅዎን ይዘው ይመለሱ። የሚያስረዳዎት ከሆነ ከኋላ፣ የድምፅ ባለሙያው ከሚቆምበት ጎን ይቀመጡ፤ ድምፁ እዚያ የተስተካከለ ነው፣ መድረኩም በደንብ ይታያል። የጆሮ መድፈኛ ከፋርማሲ ሁለት ጥንድ ይግዙ፤ አንዱ ለእርስዎ ነው።