ስም የሌላቸው ዐሥራ አንድ ሰዎች

ውድ ልጆቼ፣

በቀድሞ የማዕድን መንደር ያደጋችሁ ወጣቶች የመንደራችሁን ታሪክ መዝግባችሁ በዓል ልታደርጉለት መነሳታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ዕድሜዬን በቤተ መዛግብት ያሳለፍኩ ነኝና ከበዓሉ ይልቅ ስለ ምዝገባው ብጨነቅ አትፍረዱብኝ።

በወጣትነቴ አንድ ጡረተኛ ማዕድን ቆፋሪ አነጋግሬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ድምፃቸውን በቴፕ ቀዳሁ። ሲጨርሱ አንድ ፎቶግራፍ አሳዩኝ፤ ፊታቸው በድንጋይ ከሰል የጠቆረ ዐሥራ አንድ ሰዎች ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመዋል። ቅጂውን ወስጄ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ስማቸውን አልጠየቅሁም! ስመለስ ሽማግሌው በሕይወት አልነበሩም። ፎቶግራፉ ዛሬም የመዝገብ ቁጥር አለው።

ስለዚህ ከስም ጀምሩ። ቀጥሎ «ኑሮው እንዴት ነበር?» አትበሉ፤ «ከባድ ነበር» ይሏችሁና ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ጣሪያው ሊደረመስ ሲል ምን ይሰማ እንደነበር ጠይቁ። የእንጨት ድጋፍ ከመሰበሩ በፊት ይንቋቋል፤ ብዙ ቆፋሪዎች ከብረቱ ይልቅ የሚያምኑት ስለዚህ ነበር። ሴቶቹንም አትርሱ፤ መታጠቢያ ቤት ሳይሠራ በፊት ለባሎቻቸውና ለልጆቻቸው ውኃ የሚያሞቁት እነርሱ ነበሩ።

ጃፓናዊው ያማሞቶ ሳኩቤይ ከልጅነቱ ጀምሮ በቺኩሆ የከሰል ጉድጓዶች ሠርቶ፣ ሥዕሎቹን በብዛት መሣል የጀመረው ከስልሳ ዓመቱ በኋላ ነው፤ የልጅ ልጆቹ ያንን ኑሮ እንዲያውቁት ብሎ። ባል ሲቆፍር ሚስት ከሰሉን ስትጎትት ሣለ፤ ከሥዕሉ ጎንም ማብራሪያ ጻፈ። ሠራተኞች ሲቀጡና ሲደበደቡ ያየውንም አልደበቀም። ዩኔስኮ ሥራዎቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በዓለም የማስታወሻ መዝገብ ሲያሰፍራቸው፣ ከጃፓን የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። የእናንተም ሽማግሌዎች ስለ አድማው ጠብና ስለ ታመመው ሳንባ ሲያወሩ መቅጃውን አታጥፉ። መንደር በዓሉ እንዳይደፈርስበት ሲል ታሪኩን ሲያለዝብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም አዝናለሁ።

ደስታና ሐዘን በአንድ ሰልፍ መሄድ ይችላሉ። በሰሜን እንግሊዝ በዱራም ከ1871 ጀምሮ የሚከበረው የማዕድን ሠራተኞች በዓል የየመንደሩን ሰንደቅ ከሙዚቃ ጓድ ጋር ያሰልፋል። በዓመቱ ሰው የሞተበት ጉድጓድ ሰንደቅ ላይ ጥቁር ጨርቅ ይታሰር ነበር። በአካባቢው የመጨረሻው ጉድጓድ ከተዘጋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም ሰልፉ አልቀረም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ግን ትንሽ አይደለችም። ከፎቶግራፍ ጀርባ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል፣ ጫናውም ምልክት ይተዋል። ለስላሳ እርሳስ ይዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የእያንዳንዱን ስም አስፍሩ። የማይታወቅ ካለ ቦታውን ክፍት ተዉለት፤ በበዓሉ ዕለት ፎቶግራፉን አይቶ «ይህማ አጎቴ ነው» የሚል ሰው ይመጣ ይሆናል።